ስሙን በመጨረሻ፦ ዘይቤን፣ ሰምና ወርቅንና ሌሎች የሥነ ጽሑፍ ቃላትን ከስንኙ ውስጥ ማግኛ መንገድ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የተማረ ሰው «ሰውኛ ዘይቤ ማለት ሰው ላልሆነ ነገር የሰውን ባሕርይ መስጠት ነው» የሚለውን በቃሉ ይወጣዋል። ፈተና ላይ አራት ስንኝ ቀርቦለት «ዘይቤውን ለይተህ አገልግሎቱን አስረዳ» ሲባል ግን ብዕሩ ይቆማል። ችግሩ የትርጓሜ እጥረት አይደለም። ተማሪው የለመደው ከስም ተነሥቶ ወደ ስንኝ መውረድን ነው። ንባብ ግን አካሄዱ ሌላ ነው። መጀመሪያ ስንኙ ጆሮ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ አንድ ነገር ያስገርማል፤ ያስገረመው ነገር ይመረመራል፤ ስም የሚወጣለት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህ መመሪያ የሚሄደው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። እርሳስና ወረቀት ይያዙ። ግጥሞቹን የገጠምኋቸው ለዚሁ ሥራ ስለሆነ ሌላ መጽሐፍ ውስጥ ተተንትነው አይገኙም፤ መልሱን ከስንኙ ራሱ ማውጣት የእርስዎ ሥራ ይሆናል።

1. ጮክ ብለው ያንብቡ

የሠርጋችንን ቀን ቁረጪልኝ ብላት፣
ገና ነው አለችኝ ሳቅ እያመለጣት።

የአማርኛ ግጥም ወረቀት ላይ ከመስፈሩ በፊት በሙሾ፣ በቀረርቶ፣ በሠርግ ዘፈንና በአዝማሪ አፍ የኖረ ነው። ዛሬም ቢሆን ለጆሮ ይሠራል። ስለዚህ እነዚህን ሁለት መስመሮች ሁለት ጊዜ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። በሁለተኛው ንባብ ትንፋሽዎ የት ላይ ዐረፍ እንደሚል ያስተውሉ። በመጀመሪያው መስመር «ቀን» ካለ በኋላ፣ በሁለተኛው «አለችኝ» ካለ በኋላ ነው። በዚያ ቦታ ላይ በእርሳስ ቀጭን መስመር ያስምሩ።

አሁን አራት ቃላት ያለ ድካም ይገኛሉ። እያንዳንዱ መስመር ስንኝ ነው። ዕረፍቱ ለሁለት የከፈለው እያንዳንዱ ክፍል ሐረግ ይባላል። በአንድ ትንፋሽ የሚወጣው ትንሹ የድምፅ ክፍል ቀለም ነው። ስንኞቹ መጨረሻቸው ላይ በድምፅ ሲገጥሙ ቤት መቱ ይባላል።

ቀለም ሲቆጥሩ ፊደል እንዳይቆጥሩ ይጠንቀቁ። «የሠርጋችንን ቀን» 9 ፊደል አለው፤ ሳድሶቹ ከጎናቸው ካለው ድምፅ ጋር ስለሚዋሐዱ በጆሮ ግን 6 ቀለም ብቻ ነው፦ የ–ሠር–ጋ–ች–ንን–ቀን። ጠረጴዛውን በጣትዎ እየመቱ ቢቆጥሩ አይሳሳቱም። ቀሪዎቹ ሦስት ሐረጎችም እንዲሁ 6፣ 6፣ 6 ናቸው። 6 ለ6 የሚሄደው ምጣኔ የወል ቤት ይባላል፤ በአማርኛ ግጥም እጅግ የተለመደው እሱ ነው። 5 ለ5 የሚሄደው ሰንጎ መገን፣ 4 ለ4 የሚሄደው ቡሄ በሉ ነው። 8 ለ8 የሚሄደው ደግሞ በባለቅኔው በጸጋዬ ገብረ መድኅን ስም ጸጋዬ ቤት ተብሏል።

ቤት መምታቱን ለማየት የመጨረሻዎቹን ቀለሞች ብቻ ነጥለው ያንብቡ፦ ላት፣ ጣት። የመጨረሻው ፊደል «ት» አንድ ነው፤ ከእሱ በፊት ያሉት «ላ» እና «ጣ» ሁለቱም ራብዕ ናቸው። በ«ላት» ፋንታ «ቤት» የሚል ቃል ቢኖር «ት» ለ«ት» ይገጥም ነበር፤ ድምፁ ግን ይላላል። ይህን በጆሮዎ ከለዩ ስለ ቤት መምታት ማወቅ የሚገባዎትን አብዛኛውን ዐወቁ ማለት ነው።

2. ግጥሙን ወደ ተራ ንግግር ይመልሱ

ከግጥሙ ሥር በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገሩን እንደ ወሬ ይጻፉት። «አንድ ሰው እጮኛውን የሠርጋቸውን ቀን እንድትወስን ጠየቃት። እሷም እየሳቀች ገና ነው ብላ መለሰችለት።»

ይህን ሲያደርጉ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሱ፦ ማን ይናገራል? ስለ ማን ይናገራል? ጊዜው ወይም ሁኔታው ምንድን ነው? የሚናገረው ሰው ተናጋሪ ይባላል። ተናጋሪውን ከገጣሚው ጋር አያምታቱ። አንዲት ሴት በወንድ አንደበት፣ አንድ ወጣት በሽማግሌ አንደበት ሊገጥሙ ይችላሉ። «ገጣሚው ሠርጉ ዘግይቶበት አዝኗል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ማርክ የሚያጣው በዚህ ነው።

ቀጥለው ወሬውን ከግጥሙ ጋር ያስተያዩና በወሬው ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ የቀረውን ቃል ይፈልጉ። እዚህ ላይ «ሳቅ እያመለጣት» ነው። የሠርግ ቀን የምትናገር ሴት ደስ ብሏት ፈገግ ልትል ትችላለች። ሳቅ ያመለጣት ግን ልትደብቀው የሞከረችው ነገር ቢኖር ነው። የሚስቡት ክር እሱ ነው።

3. ሰሙንና ወርቁን ይለዩ

ይህ ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል፤ መርዘምም ይገባዋል። የአማርኛ ግጥም ውበት በብዛት ያለው እዚህ ነው።

«ሰምና ወርቅ» የሚለው ስም ከወርቅ አንጥረኛ የመጣ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ይሠራል፤ በሸክላ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በቦታው የቀለጠ ወርቅ ይፈስበታል። በግጥምም በመጀመሪያ የሚሰማው ትርጉም ሰም፣ ከሥሩ ያለው ወርቅ ነው። ሁለቱን ትርጉም አንድ ላይ የተሸከመው ቃል ወይም ሐረግ ኅብረ ቃል ይባላል። ሥራዎ ኅብረ ቃሉን ማግኘት ነው፤ እሱ ከተገኘ ሌላው ተከትሎ ይመጣል።

በመጀመሪያ የሚጠረጥሩትን ቃል አላልተውና አጥብቀው ያንብቡት። የግዕዝ ፊደል መላላትንና መጥበቅን አይጽፍም። «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ የሚዋኙት፣ ሲጠብቅ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው፣ ሲጠብቅ የጠባብ ተቃራኒ ነው። «ይበላል» ሲላላ እሱ ይመገባል ማለት ነው፤ ሲጠብቅ እሱን ራሱን ይመገቡታል ማለት ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል። ገጣሚዎች ይህን የፊደል ዝምታ ለዘመናት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ውጭ አገር አድጎ አማርኛን ከመጽሐፍ የተማረ ልጅ ቅኔው የሚያመልጠው ቋንቋው ስለጎደለው ላይሆን ይችላል፤ ቃሉን ጠብቆና ላልቶ ሲነገር አለመስማቱ ነው። እናት ወይም አያት ጮክ ብለው ቢያነቡለት ብዙው ይፈታለታል።

ወደ ግጥማችን እንመለስ። «ገና» ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ ሲላላ «ጊዜው አልደረሰም» ነው። አሁን ሁለቱንም በየተራ እያስገቡ መላውን ግጥም ያንብቡ።

ሰሙ፦ ቀን ቁረጪ ብላት «ገና በዓል ዕለት ይሁን» አለችኝ። ታኅሣሥ 29 የነቢያት ጾም የሚፈታበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጥር ወር የታወቀ የሠርግ ወቅት ነው። ስለዚህ መልሱ ለጠያቂው የምሥራች ሆኖ ይሰማዋል፤ ሳቋም የደስታ ይመስለዋል።

ወርቁ፦ «ገና ነው፣ አልደረሰም» አለችኝ። ቀን አልቆረጠችለትም። ሳቋ ያመለጣት እሱ በተሳሳተ መንገድ እንደተረዳት ስላየች ነው።

ሁለቱም ንባብ ያለ አንዳች ቃል ለውጥ ይሄዳል። «ቀን ቁረጪልኝ» ጆሮን ወደ ሰሙ ይጎትታል፤ «ሳቅ እያመለጣት» ወደ ወርቁ ይገፋል። ማንኛውንም ሰምና ወርቅ ሲፈቱ እነዚህን ሁለት ምልክቶች ይፈልጉ፦ ወደ ሰሙ የሚጎትተው ቃል የትኛው ነው? ወርቁን የሚጠቁመውስ? ወደ ወርቅ የሚያመለክት ምንም ነገር ከሌለ ምናልባት ወርቁን ከራስዎ ጨምረውበት ይሆናል።

መላላትና መጥበቅ ብቻውን ካልፈታው ሁለተኛው መሣሪያ ቃላትን ማጣመርና መነጠል ነው። ይህን ይመልከቱ፦

ወር ሙሉ ለፍቼ ስገባ ከተማ፣
ብር አለ ከኪሴ ጎረቤቴ ይስማ።

«ብር» እና «አለ» ሁለት ቃል ሆነው ሲነበቡና «አለ» ሲጠብቅ ሰውየው ኪሱ ውስጥ ገንዘብ እንዳለ ለጎረቤቱ እየጎረረ ነው። ሁለቱ ተጣምረው፣ «አለ» ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ወፍ ብር እንደሚል ገንዘቡ ከኪሱ በረረ፤ «ጎረቤቴ ይስማ» ጉራ መሆኑ ቀርቶ የድረሱልኝ ጩኸት ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ ሳያየው የሚያልፈው ትንሽ ፊደል አለ፤ «ከኪሴ» ላይ ያለው «ከ» ነው። በአማርኛ «ከቤት አለ» ስንል ቤት ውስጥ ይገኛል ማለታችን ነው፤ «ከቤት ወጣ» ስንል ደግሞ መነሻውን እንናገራለን። «ከ» ሁለቱንም ይችላል። «በኪሴ» ተብሎ ቢሆን ሰሙ ይሠራል፣ ወርቁ ግን ይሞታል፤ ገንዘብ በኪስ ውስጥ አይበርም። ጥሩ ሰምና ወርቅ ከመጥፎው የሚለየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ኅብረ ቃሉን ማግኘት ለብዙ ሰው አይከብድም። በዙሪያው ያሉትን ቃላት ሁሉ ለሁለት ጌታ እንዲያድሩ ማድረግ ግን የሰለጠነ ጆሮ ይጠይቃል። ስለዚህ ግጥሙን ሲመዝኑ እያንዳንዱን ቃል በሰሙም በወርቁም ይፈትኑት። በአንዱ ብቻ የሚሠራ ቃል ሲያገኙ ከሥሩ ያስምሩበት፤ የገጣሚው እጅ የላላው እዚያ ነው።

ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የሚሰጠው ግን ለሁሉም ድብቅ ነገር አይደለም፤ ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት በዚህ ነው። ባለ ሁለት ትርጉም ቃል ሳይኖረው በጠቅላላ መልእክቱ ሌላ ነገር የሚያመለክት ንግግር ውስጠ ወይራ ይባላል። ስለ አንድ ያረጀ በሬ እያወሩ ሥልጣኑን ስለማይለቅ ሹም መናገር ውስጠ ወይራ ነው፤ «በሬ» ምንጊዜም በሬ ነውና ኅብረ ቃል የለበትም። ተናጋሪው የፈለገው የቃሉን ተቃራኒ ከሆነ ምጸት ነው። በንግግር ተለምዶ ምስሉ የደከመ አባባል፣ ለምሳሌ «ጆሮ ሰጠው»፣ ፈሊጥ ነው።

የዚህ ሁሉ ሥር ያለው በቅኔ ቤት ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዋድላ ስማቸው የታወቀው የቅኔ ትምህርት ቤቶች ተማሪው በግዕዝ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ የሚያሰማባቸው፣ መምህሩም የሚያርሙባቸው ናቸው። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይነሣና ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይዘልቃል። በግዕዙ ቅኔ ሰሙና ወርቁ ብዙ ጊዜ ሁለቱም በግልጽ ይነገራሉ፤ አንዱ በምሳሌነት ሌላው በባለጉዳይነት ጎን ለጎን ይቆማሉ። በአማርኛው የቃል ግጥም ግን ወርቁ ከአንድ ቃል ሥር ይደበቃል። የግዕዝ ቅኔ ለመፍታት የተነሣ ሰው ኅብረ ቃል ብቻ ፍለጋ ከሄደ መንገድ ይስታል።

4. አንድ ነገር በብዙ ዘይቤ ይናገሩ

ዘይቤዎችን ለመለየት የማውቀው ከሁሉ የተሻለ ልምምድ አንድ ነገር ይዞ እየቀያየሩ መናገር ነው። ትርጓሜ ሲያጠኑ ዘይቤዎቹ የተለያዩ ዕቃዎች ይመስላሉ፤ አንዱን ነገር ሲያዟዙሩ ግን አንዱ ከሌላው የሚለይባት ትንሽ እርምጃ በዓይን ትታያለች።

የሐምሌ ጠዋት ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ስናይ እንጦጦ የለም። ተራው ንግግር «ጭጋጉ እንጦጦን ሸፈነው» ነው። ከዚህ እንነሣ።

«ጭጋጉ እንጦጦን እንደ ነጠላ ሸፈነው።» ሁለት ነገሮች ተነጻጸሩ፤ «እንደ» የምትለው ድልድይ በግልጽ አለች። ተነጻጻሪ ዘይቤ ነው። «ያህል»፣ «መሰለ»፣ «ይመስል» የሚሉትም ድልድዮች ናቸው።

«የእንጦጦ ጭጋግ የሐዘን ነጠላ ነው።» ድልድዩ ፈረሰ፤ ጭጋጉ ነጠላውን ራሱን ሆነ። ተለዋጭ ዘይቤ ነው። ማወዳደሪያ ቃሉ ከጠፋና አንዱ በሌላው ቦታ ከቆመ ስሙ ይኸው ነው።

«እንጦጦ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ተቀምጧል።» አሁን ተራራው ሰው ሆነ። ሰውኛ ነው። «አዘቅዝቆ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉ። ነጠላ ማዘቅዘቅ የሐዘንተኛ አለባበስ ነው፤ ያቺ አንዲት ቃል ባትኖር ተራራው ለቤተ ክርስቲያን የለበሰ ሊመስል ይችል ነበር። ዘይቤን ሲያብራሩ እንዲህ ያለውን ቃል ነጥለው ያውጡ፤ ምስሉን የተሸከመው እሱ ነው።

«አንተ እንጦጦ፣ ማን ሞቶብህ ነው የተከናነብኸው?» ተራራው ሰው መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ አሁን ደግሞ መልስ ሊሰጥ የማይችለውን እንደሚሰማ አድርገን አነጋገርነው። እንቶኔ ይባላል። በለቅሶ ቤት አልቃሿ የሞተውን ሰው በስሙ እየጠራች «ምነው ዝም አልኸኝ» ስትለው የምትጠቀመው ይህንኑ ነው። ሰውኛና እንቶኔ በአንድ ስንኝ አብረው ቢገኙ ሁለቱንም መጥቀስ ይገባል፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም።

«ጭጋጉ እንጦጦን ዋጠ፤ ከተማውን ጠጣ፤ ሰማይና ምድር አንድ ሆኑ።» ግነት ነው። ግነት ውሸት አይደለም፤ ሰሚው መጠኑ እንደተጋነነ ያውቃል፣ ተናጋሪውም እንደሚያውቅ ያውቃል። የፉከራና የሽለላ ጉልበት ያለው በዚህ ነው።

«ምን ያለ የጠራ ቀን ነው!» ይህን በዚያ ጭጋግ ውስጥ ቆሞ የሚናገር ሰው ምጸት ተናገረ። ዐረፍተ ነገሩን ለብቻው ቢያነቡት ምንም ምልክት የለበትም፤ ምልክቱ ያለው ከንግግሩ ውጭ፣ በሁኔታው ላይ ነው። ስለዚህ ምጸትን ከአንድ ስንኝ ብቻ ለማወቅ አይሞክሩ፤ ከላይና ከታች ያለውን ያንብቡ።

«እንጦጦን ያየሁት ጭጋጉ ሲሸፍነው ነው።» መሸፈንና ማየት አይገናኙም፤ ቆም ብለን ስናስበው ግን ሁልጊዜ ያለ ነገር የሚታወቀን ሲጎድል መሆኑን እንረዳለን። አያዎ ነው። አያዎን ከስሕተት የሚለየው ይህ ነው፦ ሲያስቡበት ተቃርኖው ይፈታል፣ ከበፊቱ የበለጠ ነገርም ይናገራል።

«ዛሬ እንጦጦ ሲና ሆኗል፤ ሙሴ ግን አልወጣም።» ኦሪት ዘፀአትን ያነበበ ሰው ደመና የሸፈነውን ተራራና ሕጉን ለመቀበል የወጣውን ነቢይ ያስታውሳል። ጠቃሽ ዘይቤ ነው። ያላነበበ ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ጠቃሽ ሲያጋጥምዎ የተጠቀሰውን ታሪክ ፈልገው ያንብቡ፤ ግምት አያዋጣም።

አሁን ይህን ልምምድ በራስዎ ነገር ይድገሙት፤ የታክሲ ሰልፍ፣ የቡና ጭስ፣ የሚያፈስ ቧንቧ፣ ያገኙት ሁሉ ይሆናል። ስምንቱንም ከጻፉ በኋላ የቃላቱን ትርጓሜ ማጥናት አያስፈልግዎትም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ነጠላው በአንድ ዐረፍተ ነገር ታይቶ ካለፈ ዘይቤ ነው። በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ግን በየምዕራፉ እየተመለሰ፣ ነጠላ ባዩ ቁጥር ሞትን እስኪያስቡ ድረስ ከተደጋገመ ትእምርት ሆኗል። ትእምርት የሚታወቀው በመመላለሱ ነው።

5. ልብ ወለድ ሲሆን

ለልብ ወለድ ሌሎች ቃላት አሉ፤ እነዚህ ከዘይቤ ይልቅ ይቀላሉ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ አንባቢ ስለሚያውቀው በእሱ እንያቸው።

ድርጊቱ የሚፈጸምበት ቦታና ጊዜ መቼት ይባላል፤ እዚህ በአብዛኛው የባላባት ሥርዓት የነገሠበት ጎጃም ነው። በዛብህ፣ ሰብለ ወንጌልና ፊታውራሪ መሸሻ ገጸ ባሕርያት ናቸው። በዛብህና ሰብለ የሚፈላለጉት፣ የዘርና የማዕረግ ሥርዓቱም የሚከለክላቸው መሆኑ ግጭት ነው። የሚናገረው ድምፅ በድርሰቱ ውስጥ የሌለና የሁሉንም ልብ የሚያነብ ስለሆነ ሁሉን ዐወቅ ተራኪ እንለዋለን፤ ይህ ምርጫ አንጻር ይባላል። ወደፊት የሚሆነውን ቀድሞ የሚጠቁም ነገር ንግር ነው፤ በዚህ መጽሐፍ ርእሱ ራሱ ንግር ነው፣ ገና ሽፋኑ ላይ መቃብሩን አሳይቶናል። ታሪኩን አቋርጦ ወደ ኋላ መመለስ ምልሰት ይባላል።

ታሪክና ሴራ ብዙ ሰው ያደናግራሉ። ታሪክ «ከዚያስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው፤ ሴራ ደግሞ «ለምን?» ለሚለው። ጭብጥን ሲጽፉ በአንድ ቃል አይወሰኑ፤ «ጭብጡ ፍቅር ነው» ማለት ምንም አለማለት ነው። መጽሐፉ ስለ ፍቅር ምን ይላል? ያንን በሙሉ ዐረፍተ ነገር ይጻፉት።

6. አሁን ስሙን ይጥሩና መልሱን ይጻፉ

ጥሩ መልስ ሦስት ነገር አለው፦ ከግጥሙ የተወሰደ ቃል፣ የዘይቤው ስም፣ ዘይቤው የሠራው ሥራ። ደካማውና ብርቱው መልስ እንዲህ ይለያያሉ።

ደካማው፦ «ገጣሚው ሰውኛ ዘይቤ ተጠቅሟል። ይህም ግጥሙን ውብና ሳቢ አድርጎታል።»

ብርቱው፦ «‹ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ተቀምጧል› በሚለው ተራራው እንደ ሐዘንተኛ ሰው ቀርቧል፤ ሰውኛ ነው። በዚህ ምክንያት ጭጋጉ የአየር ጠባይ መሆኑ ቀርቶ ከተማውን ሁሉ የነካ ሐዘን ሆኖ ይሰማል።»

«ውብና ሳቢ አድርጎታል» የሚለው ሐረግ ለማንኛውም ግጥም ስለሚሆን ለየትኛውም አይሆንም። ከመልስዎ ውስጥ ይሰርዙት። የዘይቤውን ሥራ ለማወቅ ሲቸገሩ ዘይቤውን ከስንኙ ያውጡትና በተራ ቃል ይተኩት። «ጭጋጉ እንጦጦን ሸፈነው» ብለው ያንብቡ፤ የጠፋው ነገር ምንድን ነው? ሐዘኑ ነው። ስለዚህ የዘይቤው ሥራ ሐዘኑን ማምጣት ነበር። አውጥተውት ምንም የማይጎድል ከሆነ ጌጥ ብቻ ነበር፤ ያንንም በድፍረት መጻፍ ይቻላል። መምህራን እንዲህ ያለውን ፍርድ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል እንጂ አይቆጡም።

7. ለብቻዎ ይሞክሩ

ልጄ ሆይ ልምከርህ ሳትወርድ ወደ ጣና፣
ሌላ ሌላው ይቅር፣ ይበቃሃል ዋና።

ከታች ያለውን ሳያነቡ ወረቀትዎ ላይ ይሥሩ። ምጣኔውን ይቁጠሩ፤ ወደ ወሬ ይመልሱት፤ ኅብረ ቃሉን፣ ወደ ሰሙ የሚጎትተውንና ወደ ወርቁ የሚጠቁመውን ቃል ያግኙ። «ልጄ ሆይ» እንቶኔ ነው ወይስ አይደለም?

መልሱ እነሆ። የወል ቤት ነው፤ አራቱም ሐረግ 6 ቀለም አለው። ቤቱ «ና» ለ«ና» ይመታል፤ ከፊታቸው ያሉት «ጣ» እና «ዋ»ም ሁለቱ ራብዕ ስለሆኑ ድምፁ ሙሉ ነው። ኅብረ ቃሉ «ዋና» ነው። ሲላላ ሰሙ ይወጣል፦ ወደ ሐይቅ የምትወርድ ከሆነ መዋኘት ብቻ ብትችል ይበቃሃል። ሲጠብቅ ወርቁ ይወጣል፦ ሌላ ሌላውን ትተህ ከሁሉ የሚበልጠውን ያዝ። ወደ ሰሙ የሚጎትተው «ጣና» ነው፤ ወደ ወርቁ የሚጠቁሙት «ልምከርህ» እና «ሌላ ሌላው ይቅር» ናቸው። ምክር የሚባል ነገር ከዋና ትምህርት ከፍ ያለ ነገር እንድንጠብቅ ያደርጋልና። በወርቁ ንባብ «ጣና» ሐይቅ መሆኑን ትቶ ልጁ የሚገባበት ሰፊ ዓለም ይሆናል፤ ማለትም ተለዋጭ ዘይቤ ሆኗል። «ልጄ ሆይ» ግን እንቶኔ አይደለም፤ ልጁ ፊት ለፊቱ ቆሞ የሚሰማ፣ ከፈለገም መልስ የሚሰጥ ነው። ልጁ በሕይወት የሌለ፣ ወይም በሩቅ አገር ያለና የማይሰማ መሆኑን የሚነግረን አንድ ስንኝ ከላይ ቢጨመር ኖሮ እንቶኔ ይሆን ነበር፤ ያን ስንኝ በ6 ለ6 ምጣኔ ገጥመው ይጨምሩበት።